«ጥናት አረጋግጧል» ሲባል ጥናቱ የት ነው? በኮድ ስለሚዘጋጁ የጥናት ማውጫ ገጾች

በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት በየጊዜው መነጋገሪያ ይሆናል። «በዚያ ውሃ የበቀለ ቆስጣ መርዝ ነው፤ ጥናት አረጋግጧል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይዞራል። ወዲያው «ስንት ዘመን በልተነው ምን ሆንን?» የሚል መልስ ይከተላል። ክርክሩ ይጦፋል፤ ጥናቱ ግን ብቅ አይልም። ማን አጠናው? በየትኛው ዓመት? ናሙናው የተወሰደው ከላፍቶ በኩል ነው ወይስ ከአቃቂ በታች?

የሚያሳዝነው ጥናቶቹ መኖራቸው ነው። ስለ ትንሹና ትልቁ አቃቂ፣ ሁለቱ ስለሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ በመስኖ ስለሚለማው ሰላጣና ጥቅል ጎመን ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲጽፉ ቆይተዋል። ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ የተባሉት ከባድ ብረቶች ተለክተው ውጤቱ ታትሟል። ከፊሉ ማንም በነጻ ሊያነበው በሚችል ቦታ ተቀምጧል። የጎደለው ነዋሪውን፣ ገበሬውንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ከመንገዶቹ አንዱ በኮድ የሚዘጋጅ የጥናት ማውጫ ገጽ ነው። አጭር ፕሮግራም ትላልቅ የጥናት መረጃ ቋቶችን ይፈትሻል። ያገኛቸውን ጥናቶች በርእስ፣ በጸሐፊና በዓመት ደርድሮ ድረ ገጽ ያደርጋቸዋል። አንባቢ ርእሱን ሲነካ በቀጥታ ወደ ጥናቱ አብስትራክት፣ ማለትም ወደ አጭር መግለጫው፣ ይሄዳል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ግራ መጋባቱ ነው። ዛሬ «በኮድ የተዘጋጀ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው «ኤአይ የፈጠረው» ብሎ ነው። አንዱ በዚህ ምክንያት ገጹን ይንቀዋል። ሌላው በዚሁ ምክንያት ዓይኑን ጨፍኖ ያምነዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ አሠራሩ መግባት ያስፈልጋል።

አብስትራክቱ የት ይገኛል?

አብስትራክት በአንድ ጥናት መጀመሪያ ላይ የሚቀመጥ አጭር መግለጫ ነው። ብዙ ጊዜ ከ300 ቃላት አይበልጥም። ምን ተጠየቀ፣ እንዴት ተጠና፣ ምን ተገኘ የሚለውን ይናገራል። ሙሉው ጥናት በክፍያ የተቆለፈ ቢሆን እንኳ አብስትራክቱ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። የማውጫ ገጾች በእሱ ላይ የሚመሠረቱት ለዚህ ነው።

በጤናና በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ ትልቁ ማከማቻ ፐብሜድ ይባላል። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ37 ሚሊዮን በላይ የጥናት መዝገቦች አሉት፤ ለማንም ክፍት ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ ቁጥር አለው። የፐብሜድን አድራሻ ጽፎ ቁጥሩን ከኋላው ማስከተል ብቻውን ወደ አብስትራክቱ ያደርሳል። ለፊዚክስ፣ ለሒሳብና ለኮምፒውተር ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው አርካይቭ አለ። ዘርፍ ሳይለዩ የሚሰበስቡት ደግሞ ክሮስሬፍና ኦፕንአሌክስ ናቸው።

ከዚህ ጋር ዲኦአይ የሚባለውን ማወቅ ይጠቅማል። ዲኦአይ ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጥ፣ በ10 የሚጀምር ቋሚ መለያ ነው። ሰው ሰፈር ቢቀይርም ስልክ ቁጥሩን ይዞ እንደሚሄድ፣ ጆርናሉ ድረ ገጹን ቢቀይርም መለያው አይለወጥም። ጆርናሉ አዲሱን አድራሻ እስካስመዘገበ ድረስ የድሮው ሊንክ ይሠራል። ካላስመዘገበ ግን መለያው ብቻውን ምንም አያደርግም። የአገራችን ጆርናሎች ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ እመለስበታለሁ።

ኮዱ ምን ይሠራል?

የመረጃ ቋቶቹ ኤፒአይ አላቸው። ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበት የተወሰነ ሥርዓት ነው። ሰው የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ቃል ይጽፋል፤ ኮድ ደግሞ በኤፒአይ ይጠይቃል። ፐብሜድ ለዚህ የሚሆኑ ነጻ አገልግሎቶች አሉት። አንዱ ፍለጋውን ተቀብሎ የጥናቶቹን ቁጥር ብቻ ይመልሳል። ሌላው ቁጥሮቹን ተቀብሎ ርእስ፣ ጸሐፊ፣ ጆርናልና ዓመት ይሰጣል። ሦስተኛው አብስትራክቱን ያመጣል። ኮዱ ይህን ተቀብሎ አስቀድሞ በተዘጋጀ የገጽ ቅርጽ ውስጥ ይሞላል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቢጻፍ ሥራው ከመቶ መስመር ላያልፍ ይችላል።

ሥርዓት ግን አለው። ያለ መለያ ቁልፍ የሚጠይቅ ፕሮግራም በሰከንድ ከ3 ጥያቄ በላይ መላክ አይፈቀድለትም። በነጻ ተመዝግቦ ቁልፍ ያወጣ እስከ 10 ይችላል። ከባድ ሥራ በሳምንቱ መጨረሻ፣ ካልሆነም በአሜሪካ ምሥራቅ አቆጣጠር ከምሽት እስከ ንጋት እንዲሠራ ይመከራል። በአሜሪካኖቹ የበጋ ሰዓት ይህ ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ሳይቸገር የሚያከብረው ሰዓት ነው።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በአብስትራክት ውስጥ የሚገኘው «ያንሳል» የሚለው የሒሳብ ምልክት (<) ነው። ተመራማሪዎች ስታቲስቲክስ ሲጽፉ ይጠቀሙበታል። የድረ ገጽ ቋንቋ የሆነው ኤችቲኤምኤል ግን ይህን ምልክት፣ ፊደል ሲከተለው፣ የትእዛዝ መጀመሪያ አድርጎ ያየዋል። ኮዱ አስቀድሞ ካልቀየረው ከምልክቱ በኋላ ያለው ጽሑፍ ገጹ ላይ ሊጠፋ ይችላል። አንባቢ ግማሽ ዐረፍተ ነገር አንብቦ ሙሉ መስሎት ይሄዳል። ውጤቱ የሚነገርበት ቁጥር ከሚጠፋ ደግሞ ገጹ ባይኖር ይሻላል። ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ገጹ ዩቲኤፍ ኤይት በሚባለው የፊደል አሠራር መዘጋጀቱ ካልተገለጸ፣ የአማርኛው ማብራሪያ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ከቻትቦት በምን ይለያል?

ቻትቦት፣ ማለትም ለሚጻፍለት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የኤአይ ፕሮግራም፣ ሪፈረንስ (የጥናት ምንጭ) ስጠኝ ሲባል ከመረጃ ቋት ላይፈልግ ይችላል። ፍለጋ ካልተገጠመለት የሚያደርገው ከተማረው ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ሪፈረንስ የሚመስል ዐረፍተ ነገር መገጣጠም ነው። ስሙ ያምራል፤ ጆርናሉ እውነተኛ ነው፤ ዓመቱ ይሆናል። ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል፤ የሚያጣራ መምህር ከሌለ ግን ማንም አያውቅም።

በኮድ የሚዘጋጅ ማውጫ እንዲህ ዓይነት ስሕተት የመሥራት ዕድሉ ጠባብ ነው። የሚያወጣው እያንዳንዱ መስመር ከመዝገብ ቁጥር ይመነጫል። ቁጥሩ ከሌለ መስመሩ አይኖርም። አንባቢም ሊንኩን ነክቶ በሁለት ሰከንድ ያረጋግጣል። የታመነበት ምክንያት ኮምፒውተር ስለሠራው አይደለም፤ ሊረጋገጥ ስለሚችል ነው።

አሁን ብዙ ቻትቦቶች በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ስለጀመሩ ልዩነቱ ጠብቧል የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ግን የሚቀር ነገር አለ። ቻትቦቱ ምን ብሎ እንደፈለገ፣ ምን አግኝቶ ምን እንደተወ ሁልጊዜ አይታይም። ዛሬና ነገ የሚሰጠው መልስም ሊለያይ ይችላል። በኮድ የተሠራ ማውጫ ግን ፍለጋው የተጻፈ ነው። ማንም ሰው ደግሞ ሊያስኬደውና ያንኑ ዝርዝር ሊያገኝ ይችላል። በአትክልት ጉዳይ ሰፈር ለሰፈር ለሚከራከሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱም ወገኖች አንድ ዝርዝር ፊት ይቀመጣሉ።

ፍለጋው የሚያመልጠው

ኮዱ አይፈጥርም ማለት ግን አያመልጠውም ማለት አይደለም። ለአዲስ አበባ ዳርቻ ሰው ከፍተኛው አደጋ ይህ ይመስለኛል።

ከቦታ ስም እንጀምር። አቃቂና ቃሊቲ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። አንዱ ጸሐፊ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፋል፤ ሦስተኛው መጨረሻውን በዋይ ይዘጋዋል። ኮድ የሚፈልገው የተሰጠውን ፊደል ነው። አንድ አጻጻፍ ብቻ ከተሰጠው የቀሩት እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ስማቸው የተለወጠም አሉ። የድሮ የግብርና ጥናቶች ደብረ ዘይት ይላሉ፤ አዲሶቹ ቢሾፍቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በሥሩ ተጠቃለዋል። «ሸገር» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ኮድ ከዚያ በፊት የተጠናውን ሁሉ ያጣዋል። ስለዚህ የቦታ ስሞቹን ዝርዝር የሚያዘጋጀው አካባቢውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። የፕሮግራም ችሎታ ብቻ አይበቃም።

የጸሐፊ ስምም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይመዘግባሉ። በእኛ ዘንድ ያ የአባት ወይም የአያት ስም ነው። የራስ ስም ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። በዚህ ሳቢያ የማይዛመዱ ብዙ ተመራማሪዎች በአንድ መጠሪያ ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የግል መለያ ቁጥር በመስጠት ይህን ለማቃለል ይሞክራል። ቁጥሩን ያላወጣ ተመራማሪ ግን አሁንም ከስም ሞክሼው ጋር ይቀላቀላል።

ከሁሉም የከፋው የአገር ውስጥ ጆርናሎች መቅረት ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ፐብሜድ ላይ ይገኛል። በአገራችን የሚታተሙ ብዙ ጆርናሎች ግን እዚያ የሉም። ስለ አካባቢ ብክለት፣ ስለ መስኖና ስለ አፈር የሚጽፉት በተለይ። ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በተቋቋመው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በሚባለው መድረክ ላይ ናቸው። ከፊሎቹ በዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ላይ ብቻ ይገኛሉ። የመመረቂያ ጽሑፎች ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻ ውስጥ ናቸው። ፐብሜድን ብቻ የሚፈትሽ ኮድ በውጭ አገር ጆርናል የታተመውን ያገኛል። ለአካባቢው በጣም ቅርብ የሆነውን፣ እዚሁ የተለካውንና እዚሁ የታተመውን ያልፈዋል። ከዚያ ገጹን ያየ ሰው «በዚህ ጉዳይ ብዙ አልተጠናም» ብሎ ይደመድማል። ይህ በአገር ተመራማሪዎች ድካም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ማንም ሆን ብሎ ባያደርገውም በደል ነው።

አብስትራክት ብቻ ማንበብ

የሙያ ሰዎች ስጋት ሌላ ነው። ሙሉ ጥናት ማንበብ ለማይችል ሰው አብስትራክት መስጠት ግማሽ እውነት መስጠት ነው ይላሉ። ስጋቱን አቅልሎ ማየት አይገባም። በአቃቂ አትክልት ጉዳይ ደግሞ በቁጥር ሊታይ ይችላል።

ብዙ ላቦራቶሪዎች አትክልትን አድርቀውና ፈጭተው ይለካሉ። ውጤቱ የሚነገረው በደረቅ ክብደት ነው። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው የእርሳስ መጠን በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ግን ለእርጥቡ፣ ገበያ ላይ ለሚሸጠው አትክልት ነው። ቆስጣ ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ አብስትራክት በደረቅ ክብደት 2 ሚሊ ግራም ተገኘ ቢል፣ በእርጥብ ሲሰላ ወደ 0.2 ይወርዳል። ከወሰኑ በታች ነው። ቁጥሮቹን ዝም ብሎ ያነጻጸረ ሰው ግን «ከስድስት እጥፍ በላይ መርዝ» ብሎ ይጽፋል። በደረቅ 5 ቢሆን ደግሞ በእርጥብ 0.5 ይሆናል፤ ያኔ በእርግጥ ወሰኑን አልፏል። ደረቅ ይሁን እርጥብ የሚለው ብዙ ጊዜ ሙሉው ጥናት ውስጥ እንጂ አብስትራክቱ ላይ አይጻፍም።

ናሙናው ታጥቦ ነው ወይስ ሳይታጠብ የተለካው? በክረምት ነው ወይስ በበጋ? በክረምት ጎርፉ ውሃውን ያቀጥነዋል፤ በበጋ ወንዙ ሲያንስ ከፋብሪካና ከቆዳ ማልፊያ የሚለቀቀው ፍሳሽ ድርሻው ይጨምራል። የመኪና መንገድ ዳር ነበር ወይስ ራቅ ብሎ? ይህ ሁሉ ውጤቱን ይለውጣል።

ታዲያ ገጹ ይቅር? አይመስለኝም። ዛሬ ሕዝቡ የሚያነበው ሙሉ ጥናቱን አይደለም፤ አብስትራክቱንም አይደለም። የሚያነበው ከሦስተኛ ሰው የተላለፈ መልእክት ነው። አብስትራክት ከዚያ በብዙ ይሻላል። ስጋቱን የሚያቃልለው ገጹ ላይ ከእያንዳንዱ ሊንክ ጎን አጭር የአማርኛ ማስታወሻ ማኖር ነው፤ የት ተለካ፣ መቼ፣ በደረቅ ወይስ በእርጥብ። ይህን ኮድ አይሠራውም። ሙሉውን ያነበበ ሰው ይጽፈዋል፤ ኮዱ ከሊንኩ ጋር ያያይዘዋል። ሠላሳ ጥናት ላለው ገጽ የአንድ ወር ተኩል የትርፍ ጊዜ ሥራ ቢሆን ነው። ለሙሉው ጥናትም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት የተቆለፉ የጤና ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ይከፍታል። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም።

ሊንኮች ይሞታሉ፤ ጥናቶችም ይሰረዛሉ

አንዴ ተሠርቶ የተተወ ገጽ ከሁለት አቅጣጫ ያረጃል። ሊንኮቹ መሥራት ያቆማሉ። በመለያ ቁጥር የተሠራ ሊንክ ይቆያል፤ ከጆርናሉ ገጽ ተገልብጦ የተወሰደ አድራሻ ግን ድረ ገጹ በታደሰ ቁጥር ይሰበራል። ኮዱ በየወሩ እየተነሳ ሊንኮቹን ቢፈትሽና የሞቱትን ቢያሳውቅ ችግሩ ይቃለላል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ጥናት ታትሞ ሊሰረዝ ይችላል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በላንሴት ጆርናል ከታተመ በኋላ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት የደረሰው ጉዳት ዛሬም አልጠፋም። ፐብሜድ የተሰረዘ ጥናት ላይ ምልክት ያደርጋል። ክሮስሬፍም እ.ኤ.አ. በ2023 ትልቁን የተሰረዙ ጥናቶች ዝርዝር ገዝቶ በነጻ ክፍት አድርጎታል። ኮዱ ይህን እየጠየቀ ገጹን ማደስ ይችላል። በእጅ የተዘጋጀ ዝርዝር ይህን ለማድረግ ይቸገራል። የኮድ ትልቁ ጥቅም የሚታየኝም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ባለቤትነትም አንድ ነገር። ርእስ፣ ጸሐፊና ዓመት መዘርዘር አያስጠይቅም፤ ሊንክ ማድረግም እንዲሁ። የአብስትራክቱ ጽሑፍ ግን የአሳታሚው ወይም የጸሐፊው መብት ሊኖርበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 አብስትራክቶች ክፍት እንዲሆኑ አሳታሚዎችን የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ ጥረት ተጀምሯል፤ ሁሉም ግን አልገቡበትም። ስለዚህ አብስትራክቱን ገልብጦ ከማኖር በራስ ቃል ጽፎ ሊንኩን መስጠት ይመረጣል።

በከተማው ዳር ማን ሊሠራው ይችላል?

ገጹ ለዳር ሰፈር የሚስማማበት ምክንያት ቀላልነቱ ነው። መቶ ጥናት የያዘ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ዳታ ይበላል። አንድ ፒዲኤፍ ግን ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ገጹ ሰርቨርም ሆነ ዳታቤዝ ስለማይፈልግ እንደ ፋይል በቴሌግራም ሊላክ ይችላል። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ የወረደው ማስታወሻ ስልክ ላይ ይነበባል። ሊንኩ ብቻ ኔትወርክ ይጠብቃል።

የሚሠራው አካል ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቂሊንጦ ነው፤ ከአቃቂ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ለሶፍትዌር ተማሪዎች የአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት ይሆናል። የአካባቢና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ማስታወሻውን ሊጽፉ ይችላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥታለች። ፖሊሲው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። የተከፈተ ጥናት ግን ካልተገኘ ከተዘጋው አይለይም።

ጆርናሎቹም ድርሻ አላቸው። ዲኦአይ ማስመዝገብ፣ አብስትራክቱን ለክሮስሬፍ አብሮ ማስገባት፣ አድራሻ ሲቀየር ማሳወቅ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በጀትም ይጠይቃል። ያልተመዘገበን ጥናት ግን በክሮስሬፍ በኩል የሚፈልግ ኮድ አያገኘውም።

ገጹን የሚያዘጋጁት ደግሞ ከላይ፣ ከርእሱ ሥር ሦስት ነገር ቢጽፉ መልካም ነው፦ ኮዱ የፈለገበትን ቃልና የፈተሻቸውን የመረጃ ቋቶች፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበትን ቀን፣ ኃላፊነቱን የሚወስደውን ሰው ወይም ክፍል። ያኔ «የእኛ ሰፈር ጥናት የለበትም» የሚል አንባቢ የጎደለውን የቦታ ስም ጠቁሞ እንዲጨመር መጠየቅ ይችላል።